«‹ሴንሰር› ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ያየሁት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው እንግሊዝኛ ቃልን ከጽሑፍ ወይም ከድምፅ ለማውጣት ስለሚጠቀምባቸው ግሶች ነው። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሴንሰር»፣ «ሪዳክት»፣ «ኤክስፐርጌት»፣ «ኤክስፐንጅ»፣ «ባውድለራይዝ»፣ «ብሊፕ»፣ «ዲሊት» ሁሉም የአንድ ድርጊት ስሞች ናቸው፤ ቃል ነበረ፣ ወጣ፣ በቃ። ስለዚህ ለተማሪ «ሴንሰር» እና «ዲሊት» ይበቁታል። «ሪዳክት» የአሜሪካ ጠበቆች በቅርቡ የፈጠሩት ማስመሰያ ነው፤ «ኤክስፐንጅ» ከፍርድ ቤት ውጭ አይሠራም፤ «ባውድለራይዝ» ሞቷል፤ «ብሊፕ» የልጆች ጨዋታ ነው፤ የስድብን ፊደላት በኮከብ መሸፈን ደግሞ ማንንም ስለማያታልል ጅልነት ነው።

የጸሐፊው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተማሪ ላይ ሰባት ተቀራራቢ ግስ ከተከመረበት ሰባቱንም ይረሳል። ነገር ግን ያቀረቡት መፍትሔ ተማሪውን ከባሰ ችግር ላይ ይጥለዋል። እነዚህ ግሶች ቦታ ሲለዋወጡ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ነገር ይናገራል፤ አንዳንዴ በሰው ላይ ክስ ይሆናል፣ አንዳንዴም ፋይል ያስጠፋል። እኔ የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቃሉ ከወጣ በኋላ በቦታው ምን ቀረ? ጥቁር መስመር ነው? ጩኸት ነው? ኮከብ ነው? ወይስ ምንም የለም? ይህን ይዤ በጸሐፊው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ሴንሰር ማለት ቃል ማውጣት ነው፤ አውጪው ማንም ይሁን» ይላሉ። አይደለም። በዚህ ግስ ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሥልጣን ያለው አካል፣ ሌላው ያ አካል በይዘቱ ላይ ያለው ተቃውሞ። ስሙ የሮም ሹም ስም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ443 ዓመት ጀምሮ ሮማውያን «ኬንሶር» የሚባሉ ሁለት ሹማምንት ነበሯቸው። ሥራቸው ዜጋውንና ሀብቱን መቁጠር ነበር፤ በዚያውም የሰውን ጠባይ ይመረምሩ ነበር። ነውር ባገኙበት ሰው ስም አጠገብ ምልክት ያኖራሉ፤ የሸንጎ አባል ከሆነም ከዝርዝሩ ያስወጡታል። ከመዝገብ የሚፍቁት ሰውን እንጂ ቃልን አልነበረም። እንግሊዝኛ ስሙን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተዋሰ፤ ግስ አድርጎ መጠቀም የጀመረው ግን በ19ኛው ነው። የሹሙ ጥላ እስከ ዛሬ ከግሱ አልተለየም።

ለዚህ ግስ ልክ የሆነው ምሳሌ የብሪታንያ ቲያትር ነው። በ1737 በወጣ ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማንኛውም አዲስ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ሎርድ ቻምበርሊን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም መሥሪያ ቤት መቅረብ ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ ያልወደደውን መስመር ያስወጣል፣ ካሰኘውም ተውኔቱን ጨርሶ ይከለክላል። ይህ አሠራር የተሻረው በ1968 ነው። ሥልጣን አለ፣ ተቃውሞ አለ፣ ቅድመ ምርመራ አለ፤ «ሴንሰር» ብሎ ለመናገር የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ሌላ ነገር እንይ። አዘጋጅ 1,200 ቃል ያለው ጽሑፍ ደረሰው፤ ቦታው የሚችለው 900 ስለሆነ የቀረውን አወጣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን «ከት» ወይም «ትሪም» ይለዋል። ቃለ መጠይቅ ሲሆን ደግሞ ከሥሩ «ኤዲትድ ፎር ሌንግዝ ኤንድ ክላሪቲ» ይላል፤ እንዲያጥርና ግልጽ እንዲሆን ተስተካክሏል ማለት ነው። ጸሐፊው እንደመከሩት «ሴንሰርድ» ካሉት ግን አዘጋጁን በአፈና ከሰውታል። እንዲህ ብሎ ለአዘጋጁ የጻፈ ሰው ለምን ሻካራ መልስ እንደመጣለት ግራ ይገባዋል፤ እሱ እኮ «አሳጠርክብኝ» ያለ መስሎታል።

በሌላው ጫፍ ቆመው «ሴንሰር የሚያደርገው መንግሥት ብቻ ነው» ከሚሉትም ጋር አልስማማም። የፊልም ኩባንያ፣ ትምህርት ቤት፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት፣ ወላጅም ቢሆን በይዘቱ ምክንያት ሲያስወጣ እንግሊዝኛ ይህን ግስ ሳያንገራግር ይጠቀማል። ሰው ፈርቶ የራሱን አፍ ሲይዝም «ሴልፍ ሴንሰር» አደረገ ይባላል። ማጣሪያው እንዳይዛቸው የሚፈሩ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች «ኪል» (መግደል) በሚለው ፈንታ «አንአላይቭ» (ሕያው አለማድረግ እንደማለት) ይላሉ፤ ፍርሃቱ ለእንግሊዝኛ አዲስ ግስ ወልዶለታል።

ወደ «ሪዳክት» ልለፍ፤ ጽሑፉ በጣም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ በቅርቡ አልተፈጠረም። ሥሩ ላቲን ነው፤ መልሶ ማምጣት፣ ወደ አንድ ቅርጽ ማስገባት የሚል ትርጉም ነበረው። የፈረንሳይኛው «ሬዳክተር» እና የሩሲያኛው «ሬዳክቶር» ከዚሁ ሥር ናቸው፤ የጋዜጣና የመጽሐፍ ሰው ስሞች ናቸው እንጂ የሚያጠቁር ሰው ስም አይደሉም። በእንግሊዝኛም ለረጅም ጊዜ ትርጉሙ ጽሑፍን ለኅትመት ማሰናዳት ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች የተለያዩ ምንጮችን አያይዞ አንድ መጽሐፍ ያደረገውን ሰው ዛሬም «ሪዳክተር» ይሉታል። አዲሱ፣ ምሥጢሩን ሸፍኖ ሰነዱን መልቀቅ የሚለው ትርጉም ነው፤ እሱ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ ሰዎች በኩል ነው። ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል ማለት ነው። «ማስመሰያ» የምትለዋ ናት ትክክል ያልሆነችው።

ማስመሰያ የማይሆነው ከግሱ ጀርባ በሌላ ቃል የማይጠራ ሥራ ስላለ ነው። አሜሪካ በ1966 የመረጃ ነፃነት ሕግ አወጣች። ሰው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰነድ ይጠይቃል፤ መሥሪያ ቤቱ መከልከል የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ዘጠኝ ምክንያቶች ብቻ ነው። ገጹ ላይ አንድ የሚከለከል ዓረፍተ ነገር ስላለ ገጹን ሙሉ ማስቀረት አይፈቀድም፤ ያንን ለይቶ አውጥቶ የተረፈውን መስጠት ይገባል። ሕጉ በ1996 ሲሻሻል ደግሞ ምን ያህል እንደወጣ በሚሰጠው ሰነድ ላይ እንዲታይ ታዘዘ። ጥቁሩ መስመር ውበት አይደለም፤ ለአንባቢው የተሰጠ ቃል ነው፦ እዚህ ነገር ነበረ፣ ይህን ያህል ነበረ፣ ከጎኑ በተጻፈው አንቀጽ ምክንያት አልሰጠንህም። አንባቢው ይህን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። (የሕጉ ጽሑፍ ራሱ የሚጠቀመው ግስ «ዲሊት» ነው። ለጸሐፊው ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር፤ ሳያነሱት ቀሩ። ጋዜጠኛውም ጠያቂውም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛም ግን የሚሉት «ሪዳክት» ነው።)

ሥራው የመንግሥት ምሥጢር ብቻም አይደለም። ከታኅሣሥ 2007 ጀምሮ ለአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚያቀርብ ሰው ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ከሚሰጠው መለያ ቁጥር) የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ብቻ ያስቀራል፤ ከልደት ቀን ዓመቱን ብቻ፣ ከሕፃን ልጅ ስም የመጀመሪያ ፊደላቱን ብቻ። ይህ ሁሉ «ሪዳክት» ነው። የሕፃን ስም የሸፈነችን ጸሐፊ «ሴንሰር አደረገች» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ልጁን የጠበቀችውን ሴት አፋኝ አድርጓታል።

«እሺ፣ ዲሊት ለምን አይበቃም?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። መልሱ ሰዋስው ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ አንድም መስመር ያልተሰጠው ሰዋስው። «ዲሊት» ተሳቢ አድርጎ የሚወስደው የሚጠፋውን ነገር ራሱን ነው። ቃሉን ዲሊት ብታደርግ ቃሉ ይጠፋል፤ ሪፖርቱን ዲሊት ብታደርግ ሪፖርቱ ይጠፋል። «ሪዳክት» ግን ሁለት ዓይነት ተሳቢ ይወስዳል። «ሪዳክት ዘ ኔም» ማለት ስሙን ሸፍን ነው። «ሪዳክት ዘ ሪፖርት» ማለት ደግሞ በሪፖርቱ ውስጥ ያለውን ምሥጢር ሸፍነህ ሪፖርቱን አቆይ ነው። አለቃ «ሪዳክት ዘ ሪፖርት ኤንድ ሴንድ ኢት» ብሎ ሲያዝ «ዲሊት ያው ነው» የተባለ ሠራተኛ የሚልከው ነገር አይኖረውም። የሌሎቹም ተሳቢ ይለያያል፤ «ኤክስፐርጌት» እና «ባውድለራይዝ» በተለምዶ የሚወስዱት መጽሐፉን ወይም ጽሑፉን ነው፣ «ብሊፕ» ቃሉን ወይም ተናጋሪውን። ተማሪ ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ የትርጉም ልዩነቱ ግማሹ እዚህ ያድራል።

ሁለቱን ግሶች ማምታታት ሙያተኛንም ያዋርዳል። መጋቢት 2005 ባግዳድ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች የጣሊያኑን የስለላ መኮንን ኒኮላ ካሊፓሪን በጥይት ገደሉ። የአሜሪካ ጦር የምርመራ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ሲያወጣ ምሥጢሩ በጥቁር ተሸፍኖ ነበር፤ አንባቢዎች ግን ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ሌላ ገጽ ላይ ሲለጥፉት የተሸፈነው ሁሉ ወጣ። ጥር 2019 የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባስገቡት ሰነድ ላይም ልክ ይኸው ሆነ። ከጥቁሩ ሳጥን ሥር ቃላቱ እንዳሉ ተቀምጠው ነበር። የሠሩት «ብላክ አውት» ነው፤ ቀለም መደረብ። ኮምፒውተር ላይ ሪዳክት ተሠራ የሚባለው ከሥር ያለው ጽሑፍ በእውነት ዲሊት ተደርጎ ከላይ ምልክቱ ብቻ ሲቀር ነው። ሦስት ግስ፣ ሦስት የተለያየ ሥራ፤ አንዱን ከሌላው ያልለየ የሕግ ቢሮ ደንበኛውን ያጋልጣል።

ስለ «ኤክስፐንጅ» የጻፉትን ሳነብ ቃሉን ማን እንደሚጠቀምበት ጠይቀው እንደሆነ ተጠራጠርኩ። «ለተራ ሰው አይጠቅምም» ይላሉ። በአሜሪካ ይህን ቃል አጥብቆ የሚፈልገው እኮ ተራው ሰው ነው፤ የድሮ ክስ ወይም ፍርድ በመዝገቡ ላይ ስላለ ሥራና የኪራይ ቤት የተነፈገ ሰው። መዝገቡ ኤክስፐንጅ እንዲደረግለት ያመለክታል። በአንዳንድ ግዛቶች ይህ ማለት መዝገቡ ይወድማል ማለት ነው፤ በሌሎች ደግሞ ታሽጎ ከሕዝብ ዓይን ይሰወራል እንጂ አይወድምም። ያው ቃል ከግዛት ግዛት ሲሻገር የሚተወው ነገር ይለያያል፤ አመልካቹም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው። «ዲሊት» ብለው ቢያስተምሩት ጥያቄውን ለመጠየቅ እንኳ አይነሳም።

የቃሉ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። የላቲኑ ሥር በነጥብ ወግቶ ማውጣት ነው። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ጸሐፊዎች ተሳስተው የጻፉት ቃል ብራናውን ከመፋቅ ይልቅ ከሥሩ ነጥብ ይደረድሩበት ነበር፤ ነጥብ ያለበትን ቃል አንባቢው ዘሎ ያልፋል። ዛሬ በእንግሊዝኛ የኅትመት እርማት ከቃል ሥር ነጥብ ደርድረው ከጎኑ «ስቴት» ብለው ከጻፉ ትርጉሙ «የተሰረዘው ይቆይ» ነው። ነጥቡ አንድ ሆኖ ትእዛዙ ተገለበጠ። እኛም ደረሰኝና ውል ላይ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» ስንል ሁለት ነገር ለይተን ነው፤ ስርዙ መስመር ተሰምሮበት ይነበባል፣ ድልዙ ግን ተፍቆ በላዩ ሌላ ተጽፎበታል። ጸሐፊው ይህን ልዩነት በአማርኛ ያውቁታል፤ ለእንግሊዝኛ ለምን እንደነፈጉት አልገባኝም።

ለዚህ ግስ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ግን የአሜሪካ ሴኔት ነው። መጋቢት 1834 ሴኔቱ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን በብሔራዊው ባንክ ጉዳይ በይፋ ነቀፋቸው። ለነቀፋው የሚያገለግለው ግስ «ሴንሸር» ነው፤ ከ«ሴንሰር» ጋር ተማሪም ጋዜጠኛም የሚያምታታው ቃል። ቃል አያወጣም፤ ሰውን ይወቅሳል። የጃክሰን ወዳጅ የነበረው የሚዙሪው ሴናተር ቶማስ ሃርት ቤንተን ነቀፋው ከመዝገብ እንዲወጣ ለዓመታት ተሟገተ። ተቃዋሚዎቹ ሕገ መንግሥቱ ሴኔቱ የውሎ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፣ መያዝና ማጥፋት አብረው አይሄዱም አሉ። ጥር 16 ቀን 1837 የቤንተን ወገን አሸነፈ። የሴኔቱ ጸሐፊ የ1834ቱን መዝገብ አምጥቶ በውሳኔው ዙሪያ ጥቁር መስመር አሰመረና በላዩ ላይ በሴኔቱ ትእዛዝ ኤክስፐንጅ መደረጉን ጻፈበት። ቃላቱ በመስመሮቹ መካከል እንዳሉ ናቸው፤ ይነበባሉ። ይህን ድርጊት «ዲሊት» የሚለው ማን ነው? የወጣ ነገር የለም። የተሻረው የነቀፋው ክብር ነው።

ሌላ ምክር ቤትም ልጥቀስ። በሕንድ ታችኛው ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 380 አፈ ጉባኤው ነውረኛ ወይም ያልተገባ ያለውን ንግግር ከመዝገብ ኤክስፐንጅ እንዲያደርግ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የሕንድ ጋዜጦች ቃሉን እንደ ተራ የዜና ቃል ነው የሚጽፉት። የአሜሪካ ችሎት ደግሞ «ስትራይክ» ይላል። ዳኛው የምስክሩ ቃል ስትራይክ ይደረግ ሲሉ ዳኝነት ላይ የተቀመጡት ዜጎች እንዳልሰሙ እንዲቆጥሩት ይታዘዛሉ፤ ቃሉ ግን በችሎቱ ጸሐፊ መዝገብ ውስጥ ይቆያል፣ ይግባኝ ሰሚው ሊያየው ይገባልና።

«ባውድለራይዝ ሞቷል» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። የካቲት 2023 የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ በአዲሶቹ እትሞች ውስጥ «ወፍራም» እና መሰል ቃላትን ለውጦ መገኘቱ ሲሰማ በእንግሊዝኛው ዓለም ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ግስ ይኸው ነው። አሳታሚው በመጨረሻ ያልተነካውን ጽሑፍም ጎን ለጎን አሳትማለሁ አለ። በሞተ ግስ እንዲህ አይጮኽም።

ግሱ የሰው ስም ነው። ቶማስ ባውድለር በ1754 ተወልዶ በ1825 የሞተ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ ጮክ ብሎ ቢያነበው የማያሳፍር ሼክስፒር እንዲኖር ተብሎ የታረመው እትም በ1807 ያለ አዘጋጅ ስም ሲወጣ ሃያ ተውኔቶች ነበሩት። ሥራውን በዋናነት የሠራችው እኅቱ ሃሪየት ናት፤ በ1818 የወጣው የተሟላው እትም ግን በእሱ ስም ነው። ቋንቋው የሷን ድርሻ ረስቶ የሱን ስም ግስ አደረገው፤ በ1836 በጽሑፍ ተገኝቷል። የእትሙ የርእስ ገጽ በዋናው ጽሑፍ ላይ ምንም አልተጨመረም ይል ነበር። ነገር ግን ሌዲ ማክቤት እጇ ላይ ያለውን የደም ጠብታ «የተረገምክ» ብላ የምታባርረው መስመር በባውድለሮች እትም «ደማቅ ቀይ» የሚል ሆኖ ይነበባል። እርግማኑ ወጣ፣ ቀለም ገባ፤ ቦታው ላይ ኮከብም ነጥብም የለም። አንባቢው ሼክስፒርን ያነበበ ይመስለዋል። ባውድለራይዝን ከሪዳክት ለይቶ የሚያስጠላው ይህ ነው። ጥቁር መስመር ያየ አንባቢ መከልከሉን ያውቃል፤ የባውድለር አንባቢ አያውቅም።

ጸሐፊው ያላስተዋሉት ሌላ ነገር ደግሞ እነዚህ ግሶች ፍርድ መስጠታቸው ነው። «ኤክስፐርጌት» ሥሩ ማጽዳት ስለሆነ የወጣውን ቃል እንደ እድፍ ይቆጥረዋል፤ ከቆራጩ ጋር ይወግናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1559 እስከ 1966 ትይዘው በነበረው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ዙሪያ የተለመደ ቃል ነበር። «ባውድለራይዝ» በተቃራኒው በቆራጩ ላይ ይፈርዳል፤ ራሱን «እኔ ይህን መጽሐፍ ባውድለራይዝ አደረግሁት» ብሎ የሚያመሰግን አዘጋጅ የለም። በአንድ ነገር ለጸሐፊው እጅ እሰጣለሁ፤ «ኤክስፐርጌት» ራሱ በዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም። የሚሰማው በአሉታ ነው፦ «አንኤክስፐርጌትድ» እትም፣ ምንም ያልወጣለት ማለት። ሻጮች ይወዱታል።

«ብሊፕ» የልጆች ጨዋታ ነው? ድምፁን የሚመስል ቃል መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ሥራው የስቱዲዮ ነው። በተለምዶ 1,000 ኸርዝ የሚሆን አንድ ወጥ ድምፅ በስድቡ ላይ ይጫናል። ከኋላው ያለው ሕግም ቀላል አይደለም። በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ራዲዮ ጣቢያ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን የጸያፍ ቃላት ንግግር በቀን አስተላለፈ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ዳኞቹ አምስት ለአራት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈረዱ። ዛሬ በአሜሪካ ለሕዝብ በነፃ የሚተላለፍ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጸያፍ ነገር ማሰማት የሚችለው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ ሰዓት ውጭ ጣቢያዎች ብሊፕ ያደርጋሉ። አጠቃቀሙም «ብሊፕ አውት» እየተባለ ነው፤ ቃሉን ብሊፕ አውት አደረጉት፣ ወይም እሷን ብሊፕ አውት አደረጓት። ከዚያ አልፎ ግሱ ራሱ የስድቡን ቦታ ወርሷል፤ ሰው በጨዋ ፊት ተናዶ «ዋት ዘ ብሊፕ» ይላል።

ይህን ውርስ በትልቁ ያሳየው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኒክሰን ዋይት ሃውስ ነው። በሚያዝያ 1974 መጨረሻ ፕሬዚዳንቱ በቢሮአቸው የተቀዱ ንግግሮችን ከ1,200 ገጽ በላይ በሆነ ግልባጭ ለሕዝብ ለቀቁ። ስድብ ባለበት ሁሉ «ኤክስፕሌቲቭ ዲሊትድ» ይላል፤ ስድብ ወጥቷል ማለት ነው። አንባቢ በየገጹ ይህን ሲያገኝ የየራሱን ስድብ እያስገባ አነበበው፤ ከተባለው የከፋም የገመተ አይጠፋም። ሐረጉ ወዲያው የቀልድ ቃል ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ይነሡ የሚሉ ሰልፈኞች በስድቡ ቦታ ይህንኑ ጽፈው ይዘው ወጡ። ልብ ይበሉ፦ እዚህ «ዲሊት» ነው የተባለው፣ ግን ምልክቱ ቀርቷል። ምልክቱ ባይቀር ኖሮ ሐረጉም አይኖርም ነበር።

ኮከቡን በተመለከተ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም፤ የብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣም በአጻጻፍ መመሪያው ኮከብ አይወድም፣ ቃሉን ከነፊደሉ ይጽፈዋል ወይም ይተወዋል። ግን «ማንንም አያታልልም» የሚለው ክርክር የኮከቡን ሥራ ስቶታል። ኮከቡ ሊያታልል አልተቀመጠም። ቃሉ ምን እንደሆነ አንባቢው እንዲያውቅ፣ ጸሐፊው ግን ቃሉን ከአፉ እንዳላወጣ እንዲታይ ነው። የሚታለለው ማሽን ብቻ ነው፣ ማሽን ደግሞ ጭራሽ በሌላ በኩል ይሳሳታል፤ በ1996 ኤኦኤል የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ማጣሪያ በእንግሊዝ የስካንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎችን አካውንት እንዳይከፍቱ ከለከላቸው፤ በከተማው ስም መሀል የነውር ቃል የሚሆኑ ፊደላት ተከታትለው ስለሚገኙ። ለዚህ የማሽን ሥራ ግሱ «ብሎክ» ወይም «ፊልተር» ነው።

ለተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመውን ነገር ግን ጽሑፉ በአንድ መስመር አልፎታል፤ «አውት» ያለባቸውን ግሶች «ያልተማረ ሰው ንግግር» ብሎ። ሰው ቤቱና ቢሮው ውስጥ የሚናገረው እነዚህን ነው። በብዕር መስመር ከተሰመረበት «ክሮስ አውት»፤ ከረቂቅ ላይ አንድ አንቀጽ ከወጣ «ቴክ አውት»፤ መጀመሪያውኑ ሳይጻፍ ከቀረ «ሊቭ አውት»፤ በላጲስ ከጠፋ ብሪታንያዊው «ረብ አውት»፣ አሜሪካዊው «ኢሬዝ» ይላል። (አሜሪካዊ ጆሮ «ረብ አውት»ን ሲሰማ የወንበዴ ግድያ ሊመስለው ይችላል።) ፕሮፌሰርም ጠበቃም በእነዚህ ይናገራሉ።

ጽሑፉ የሚያበቃው ለመልመጃ በተሰጡ አራት ዓረፍተ ነገሮች ነው። የመጀመሪያው «ፍርድ ቤቱ የወንጀል መዝገቡን ሴንሰር አደረገለት» የሚል ነው፤ ኤክስፐንጅ ነው፣ ለሰውየው ጥቅም መደረጉን የምታሳየው «ለት» ራሷ ሴንሰርን አትቀበልም። ሁለተኛው «መምህሯ የሆሄ ስሕተቴን ሴንሰር አደረገች» ይላል፤ ክሮስ አውት አደረገች ወይም አረመች። ሦስተኛው «ቴሌቪዥኑ ስድቡን ዲሊት አደረገው»፤ ጩኸት ከተሰማ ብሊፕ፣ ዝም ካለ ሚዩት፣ ትዕይንቱ ዘሎ ከሄደ ከት።

አራተኛው «ጋዜጣው የሐሰት ዜናውን ዲሊት አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ» ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ግስ «ሪትራክት» ነው፣ ብዙ ሰው ከሪዳክት ጋር የሚያምታታው። ሪትራክት ያደረገ ጋዜጣ ዜናው የእሱ እንደነበረና እንደተሳሳተ በአደባባይ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ አሮጌው ጽሑፍ ከነማስታወቂያው ይቆያል። ዲሊት ያደረገ ጋዜጣ ገጹን አነሣ፤ ሌላ ምንም አልነገረንም። ቃሉን ብቻ ለውጦ ለአንባቢ ያልነገረም አለ፤ ለእሱ እንግሊዝኛ «ስቴልዝ ኤዲት» የሚል ስም አውጥቶለታል፣ በጸሐፊው ዝርዝር ውስጥም የለም።